ጆሮዬ ከዚያ ሰፈር ገና አልወጣም

ከጦርነቱ ወጥቼ አዲስ ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት ፂሙን በማሽን ይላጫል። ፂም መላጫ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው ራሴን ወለሉ ላይ፣ አልጋው ስር፣ የእህቴን ልጅ እቅፍ አድርጌ ማግኘቴን ብቻ ነው። ስድስት ዓመቱ ነው። አላለቀሰም። አፉን ግጥም አድርጎ ፊቴን ፊቴን ያያል። ማሽኑ ሲጠፋም አልወጣንም። እኛ የምናውቀው የሚያስፈራው ድምፁ ሲቆም እንደሆነ ነውና።

ይህን የምጽፈው አሁን ድሮን ከላዩ እያንዣበበች ላለ ሰው፣ እና እንደ እኔ ከዚያ ወጥቶም ድምፁ ላልለቀቀው ሰው ነው። የት እንደነበርኩና ማን ከማን ጋር ሲዋጋ እንደነበር አልጽፍም፤ ገና እዚያ ያሉ ሰዎች አሉኝ። ባለሙያም አይደለሁም። ያየሁትን፣ የረዳኝን፣ እና ባላደረግኩት ኖሮ የምለውን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ድምፁ። ትልልቆቹ፣ ከፍ ብለው የሚቆዩት፣ በነዳጅ ሞተር ስለሚበሩ ከሩቅ ሞተር ሳይክል የሚሄድ ነው የሚመስለው። በባትሪ የሚሠሩት ትንንሾቹ ደግሞ እንደ ተርብ ቀጭን ድምፅ አላቸው። ጋዛ ውስጥ ሰዉ «ዘናና» ይላታል፤ ከጥዝታዋ የወጣ ስም ነው። ዩክሬኖች ሻሄድ የተባለውን ድሮን «ሞፔድ»፣ ትንሽ ሞተር ሳይክል ማለት ነው፣ ይሉታል። እኛ ስም አላወጣንላትም። «መጣች» ነው የምንለው። ማን መጣች ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ብዙ ሰው ያልገባው አንድ ነገር አለ። የጦር አውሮፕላን ይመጣል፣ ይመታል፣ ይሄዳል። መድፍም ጮሆ ጮሆ ያበቃል። ድሮን ግን ትቆያለች። 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳታርፍ አየር ላይ የምትቆይ አለች። ስለዚህ «አሁን አለፈ» የምትሉበት ሰዓት የላችሁም። ንፋሱ ሲዞር ድምፁ ይጠፋል፣ ንፋሱ ሲመለስ ይመለሳል፤ ሄዳ ይሁን ከፍ ብላ ይሁን አታውቁም። ውሃ ልትቀዱ ትወጣላችሁ፣ ጀሪካኑን ይዛችሁ በሩ ላይ ትቆማላችሁ፣ ጆሯችሁን ቀስራችሁ ትሰማላችሁ፣ ትመለሳላችሁ፣ እንደገና ትወጣላችሁ። አንድ ቀን እናቴ ከበሩ እስከ ቧንቧው ያለችውን ሰላሳ እርምጃ ለመሄድ አራት ጊዜ ወጥታ ገባች። በመጨረሻ ጀሪካኑን አስቀምጣ «ልጄ፣ ከመጠበቅ ቢመቱኝ ይሻላል» አለችኝ። እናቴ እንደዚያ የምትናገር ሰው አይደለችም።

በአማርኛ «ሰቀቀን» የሚባል ቃል አለን። ፍርሃት ከሱ ይቀላል፤ ፍርሃት መጥቶ ይሄዳል። ሰቀቀን ስትበሉም ስትስቁም ከጎናችሁ ቁጭ ብሎ ነው።

ቆይቶ ያገኘኋት የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲህ አስረዳችኝ። አእምሯችን ውስጥ አደጋን የሚያሸት ክፍል አለ፣ አሚግዳላ ይባላል። ድምፅና ሞት አንድ ላይ ሲመጡ ካየ ሁለቱን ያጋባቸዋል። ከዚያ በኋላ ድምፁን ብቻ ሲሰማ፣ እናንተ ገና ሳታስቡ፣ ለሰውነት ትእዛዝ ይሰጣል፦ ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ሆድ ይገለበጣል። ይህ ለሁለት ደቂቃ ሩጫ የተሠራ ነገር ነው። ለአራት ወር ሲከፈት የሚሆነውን እኔ ቤት አይቻለሁ። የእህቴ ፀጉር ረገፈ፣ እኔ የወር አበባዬ ተቋረጠ፣ ልጁ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ፣ እናቴ የግፊቷ መድኃኒት አልሠራ አላት። ማናችንም በጥይት አልተነካንም። ሰው ሲጠይቀን «ደህና ነን፣ አልተነካንም» ነበር የምንለው።

ሌላ አገር ያሉ ሰዎች ሲናገሩ መስማቴ በጣም ጠቅሞኛል፤ ያበድኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 2013 ከፓኪስታን ሰሜን ዋዚሪስታን የመጣ የ13 ዓመት ልጅ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ለምክር ቤት አባላት ተናግሮ ነበር። አያቱ ከአንድ ዓመት በፊት በድሮን ተገድላበታለች፣ እሱም ቆስሏል። ከእንግዲህ ሰማያዊ ሰማይ አልወድም፣ ግራጫ ሲሆን ይሻለኛል፣ ያን ጊዜ ድሮኖቹ አይመጡም አለ። ይህን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ አለቀስኩ። ምክንያቱም እኛ ቤት ደመና ሲከብድ በዓል ነበር። እናቴ ልብስ የምታጥበው ሊዘንብ ሲል ነው። እንደማይደርቅላት እያወቀች።

እዚያው ፓኪስታን በ2012 የስታንፎርድና የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ሰዎችን አነጋግረው የጻፉትም አለ። ሰዉ ለቀብር መሰብሰብ ፈርቷል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተዋል፣ የተመታ ቦታ ላይ ሁለተኛ ይመጣል ተብሎ ቁስለኛ ለማንሳት እንኳ ይፈራል። ጎረቤት ጎረቤቱን «ጠቁሞ ይሆን?» ብሎ ይጠረጥራል። ይቺ የመጨረሻዋ ከሁሉም በላይ የበላችን ናት። የሩቅ ዘመድ አዲስ ስልክ ይዞ ሊጠይቀን መጣ፣ እህቴ በር ላይ አቁማ «ባትሪውን አውጣው» አለችው። ባትሪው የማይወጣ ዓይነት ስልክ ነው። ሳይቀመጥ ሄደ። እስካሁን አይደውልልንም፣ እኛም አፍረን አልደወልንለትም።

በ2025 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ ኮሚሽን ዩክሬን ኬርሶን ውስጥ ትንንሽ ድሮኖች ሲቪሎችን በእግራቸው ሲሄዱ፣ በመኪና ሲሄዱ እያሳደዱ መምታታቸውን መርምሮ በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው ብሏል። ይህ ሌላ ዓይነት ፍርሃት ነው። በቦምብ የሚሞት ሰው «ዕጣው ሆኖ» ይባላል። ካሜራ ይዛ የምትከተል ነገር ግን አይታ፣ መርጣ ነው የምትመታው። ሰው እንዳየኝ ይሰማኝ ነበር፣ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ነጠላዬን ራሴ ላይ እጥላለሁ። የማይረባ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። አደርገው ነበር።

አሁን ማንም የማይናገረውን ልናገር። ፍንዳታው ሩቅ ሲሆን ከአፌ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል «ተመስገን» ነበር። ወዲያው ደግሞ አንድ ቤት እንደፈረሰ፣ እዚያም እንደ እኔ አክስት የሆነች ሴት እንዳለች ትዝ ይለኛል፣ ያን ጊዜ ምላሴን ብቆርጠው ደስ ይለኛል። ለብዙ ወር «እኔ ክፉ ሰው ነኝ» እያልኩ ኖርኩ። ለባለሙያዋ ስነግራት ምንም አልገረማትም። ከመጡት ሰዎች አብዛኛው ይህንኑ በሹክሹክታ እንደነገራት ነገረችኝ። ሰውነት ለራሱ ነው የሚያመሰግነው፣ ልብ ደግሞ ከኋላ ደርሶ ያዝናል፤ ሁለቱም እናንተ ናችሁ። ይህን ለማንም ሳትነግሩ ይዛችሁ የምትዞሩ ካላችሁ እኔም ብዬዋለሁ።

ወደሚጠቅመው ልምጣ። መጀመሪያ የተሳሳትኩትን።

ልጁ «አክስቴ፣ ምንድን ናት?» ሲለኝ «ንብ ናት» አልኩት። አዘንኩለት፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። በሳምንቱ ዝንብ ሲያይ መጮህ ጀመረ። መስኮት ላይ ያረፈች አንዲት ንብ አይቶ ራሱን እስኪስት ድረስ አለቀሰ። ቤቱን የሚያፈርሰው ነገር ንብ ከሆነ ንብ ሁሉ ቤት ያፈርሳላ! ልጅ ነው፣ ግን አስተሳሰቡ ትክክል ነበር፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። በኋላ አስቀምጬ እውነቱን ነገርኩት፦ ማሽን ናት፣ ሰዎች ከሩቅ ሆነው ነው የሚነዷት፣ አደገኛ ናት፣ ስትመጣ እዚህ ጥግ እንገባለን፣ እኔ አብሬህ ነኝ። «አትነካንም» አላልኩትም፤ የማላውቀውን ቃል ልገባለት አልችልም። የሚገርመው የዚያን ሌሊት ተኛ። የምትሉትን አጭር አድርጉት፣ ሁሌም አንድ ዓይነት ይሁን፣ እና ለልጁ ሥራ ስጡት። የእኛ ልጅ ሥራው የባትሪ መብራቱን ይዞ መግባት ነበር። ምንም ቢመጣ ያን መብራት አይረሳውም። ሌላም፦ የወደቀ ድሮንም ሆነ ስብርባሪ እንዳይነካ፣ አይቶ እንዲነግራችሁ ብቻ፣ ደጋግማችሁ ንገሩት። ያልፈነዳ ነገር ሊኖርበት ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት ሁላችንም በአንድ ላይ ማዳመጣችን ነው። አራት ሰው ጨለማ ውስጥ ጆሮውን ቀስሮ ያድራል። ጠዋት አራት በድን። ይህን የፈታችው እህቴ ናት። አንድ ሌሊት ተነስታ ተቀመጠችና «እስከ ስምንት ሰዓት እኔ እሰማለሁ፣ አንቺ ተኚ። ከመጣች እቀሰቅስሻለሁ። ካልቀሰቀስኩሽ አልመጣችም ማለት ነው» አለችኝ። ጥጥ ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። መጀመሪያ አልተኛሁም፣ እሷን ማመን አቃተኝ። በአራተኛው ሌሊት ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳልባንን ተኛሁ። ከዚያ ተራ ያዝን። ከሁሉም ነገር አንድ ብቻ ውሰዱ ብትሉኝ ይህችን ውሰዱ፦ ጆሮን በፈረቃ አድርጉት። ብቻውን የሚኖር ሰው ካለም ከጎረቤት ጋር ሊስማማ ይችላል፤ ግድግዳ መምታትም ይበቃል።

የቴሌግራም ነገርም እንዲሁ። ሁላችንም አሥር ቻናል ተከታትለን፣ በየአምስት ደቂቃው «እዚህ ታየች፣ እዚያ ተመታ»፣ ግማሹ ውሸት፣ ግማሹ የሞተ ሰው ፎቶ። ልጁ በትከሻዬ ላይ ሆኖ ያየውን ፎቶ አሁንም በህልሙ ያየዋል። አንድ ሰው መድቡ፣ እሱ በቀን ሦስቴ ያንብብ፣ የሚጠቅመውን ብቻ ይናገር። ሌሎቻችሁ አጥፉት።

መድኃኒት ደግሞ። ዳያዚፓም የሚባለው የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ኪኒን ከቤት ቤት እንደ ከረሜላ ይዞር ነበር። የእህቴ ባል ያዘወትረው ጀመር፣ መጀመሪያ እውነትም አስተኛው፣ ኋላ ያለሱ ጭራሽ አይተኛም፣ ቀኑንም ደንዝዞ ይውላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ አሰቃቂ ነገር ላጋጠመው ሰው በመጀመሪያው ወር ለጭንቀቱም ሆነ ለእንቅልፉ ይህን ዓይነት መድኃኒት እንዳይሰጥ ነው የሚመክረው። ጀምራችሁ ከሆነ ግን በራሳችሁ ድንገት አታቁሙት፣ ሐኪም እያየ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ስለ መጠጥ ያለኝም ሐሳብ ያው ነው።

እና ደርሶባቸው ለወጡ ሰዎች፦ «ንገረን እስቲ፣ እንዴት ነበር?» አትበሏቸው። እኛ ስንወጣ የተቀበሉን ሰዎች በደግነት ነው፣ ግን የመጀመሪያውን ምሽት አስቀምጠው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስወሩን። እናቴ ሲያልቅ ተነስታ አስመለሰች። ሰውን ወዲያው አስገድዶ ማስወራት እንደማይመከር በኋላ ነው የሰማሁት። ውሃ፣ መኝታ፣ ለዘመድ የሚደወልበት ስልክ፣ እና መናገር ከፈለገ የሚሰማ ሰው። ያ በቂ ነው።

አሁን ስለ መውጣት። እኔ የመሰለኝ ከወጣሁ ያልፋል ብዬ ነበር። የባሰው ከወጣሁ በኋላ ነው። ቬንትሌተር፣ ፍሪጅ፣ ሞተር ሳይክል፣ ጠረጴዛ ላይ ቫይብሬት የሚያደርግ ስልክ፣ ያ የጎረቤት መላጫ። ገበያ ውስጥ ሰው ሲሰበሰብ ካየሁ ዞሬ እሄዳለሁ። ጥርት ባለ ቀን ከቤት አልወጣም። ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ጓደኛዬ ጎትታ ወደ ባለሙያዋ ወሰደችኝ።

እሷ የነገረችኝ ትልቁ ነገር ይኸው ነው። እዚያ እያለሁ የነበረው መደንበር በሽታ አይደለም፤ አደጋው እውነት ነበር፣ ጆሮዬ ሥራውን ሠርቷል። በ1980ዎቹ አፓርታይድ በነበረበት ደቡብ አፍሪካ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን አስተውለው፣ አደጋው ገና ያላበቃበትን ጭንቀት አደጋው ካለፈበት ለይተው አዩት። አደጋ ውስጥ ላለ ሰው «ዘና በል፣ ምንም የለም» ማለት ስድብ ነው። እሱ የሚፈልገው ዕረፍት የሚያገኝበት ሰዓት ነው። ከአደጋው ወጥቶ ከአንድ ወር በላይ ቅዠቱ፣ መባነኑ፣ መሸሹ ካለቀቀውና ሥራውን፣ ልጁን፣ እንቅልፉን ካበላሸበት ግን ያ ሕክምና ያለው ነገር ነው። ብቻችሁንም አይደላችሁ፤ በ2019 በወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ባለፉት አሥር ዓመታት ግጭት ባየ አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ድብርት፣ ጭንቀት ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም አለበት። «አበደች ይሉኛል» ብዬ ስድስት ሳምንት ማባከኔ ይቆጨኛል።

ሕክምናው ምን ይመስላል ለምትሉ። መጀመሪያ ሰውነትን ማረጋጋት ተማርኩ። እግሬን ወለሉ ላይ ጫን፣ ትንፋሼን ሳስወጣ ከማስገባው ረዘም፣ ከዚያ ክፍሉ ውስጥ የማያቸውን አምስት ነገሮች ስማቸውን ጮክ ብዬ መጥራት። «መጋረጃ። ኩባያ። ጫማ።» ሞኝነት ነው የመሰለኝ። ግን አልጋ ስር ሆኜ «ጫማ» ስል፣ ጫማው የዚህኛው ቤት ጫማ ነው፣ የዚያኛው አይደለም። እዚያ ሆናችሁም ትችላላችሁ፣ ግን መጀመሪያ መጠለያ ግቡ፤ ትንፋሽ ግድግዳ አይሆንም።

ቀጥሎ ከድምፅ ጋር መታረቅ መጣ። የሞተር ሳይክል ድምፅ በስልክ፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ። ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰማሻል ትለኛለች። «8።» አትዘጋውም፣ እንጠብቃለን። «7።» እንጠብቃለን። አንዳንድ ቀን ከ6 አልወርድም፣ አንድ ቀን አቋርጬ ወጥቼ ደጅ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በሳምንቱ ተመለስኩ። የድሮኗን ድምፅ ራሱን የሰማሁት በሦስተኛው ወር ነው። ይህን ቤታችሁ ብቻችሁን ከዩቲዩብ እያወረዳችሁ አትሞክሩት፣ ሞክሬው ሁለት ቀን አልጋ ላይ ውያለሁ። እዚያው አደጋ ውስጥ ላላችሁም አይሆንም፤ እናንተ ጆሯችሁ ያስፈልጋችኋል። መሞትን የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ ሳምንት አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሰው ይወቅ፣ ብቻውን አይደር፣ ጤና ተቋም ይሂድ። የእህቴን ባል ያተረፍነው እንደዚያ ነው፤ ዝርዝሩን እሱ ከፈለገ ይናገር።

ልጁ ከእኔ ቀድሞ ዳነ። ፈውስ ነው ልበል ወይስ ልጅነት አላውቅም። ሰማዩን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው፣ መጀመሪያ ያን አላስተዋልኩም። ድምፅ ሲሰማ ፊቴን ያነባል፣ ፊቴ ደህና ከሆነ እሱም ደህና ነው። ስለዚህ አሁን ድምፅ ስሰማ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፦ «ሞተር ነው። ልቤ ደንግጧል፣ አሁን ይመለሳል።» ባለፈው እሁድ ከኔ ቀድሞ «አክስቴ፣ መላጫው ነው» አለኝ። ጎረቤታችን ሁሌ እሁድ ማለዳ ይላጫል። ስለኛ ነግሬው ሰዓቱን ልቀይረው ወይ ብሎኝ ነበር። አይ፣ ተወው አልኩት። ባለሙያዋ ጥሩ ልምምድ ነው ብላለች።

ስልኬን ግን አሁንም ቫይብሬት ላይ አላደርገውም። ደውላችሁ ካላነሳሁ ድምፁን አጥፍቼው ነው፤ መልእክት ጻፉልኝ።